ግምጃ ቤቱ በቀውስ ዘመን፦ የገንዘብ ሚኒስቴር ከ1900 እስከ 2017 ዓ.ም.

የኢትዮጵያ የገንዘብ ሚኒስቴር የተወለደው ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ነው። የገንዘብና የጓዳ ሚኒስትርነቱ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ ተሰጠ። ከዚያ በፊት የመንግሥት ገንዘብና የቤተ መንግሥት ገንዘብ ተለይተው አይታወቁም ነበር። ግብሩ ወደ ግቢ ይገባል፤ ወጪውም ከግቢ ይወጣል። ሹመቱ ይህን በአንድ ጊዜ አልለወጠውም። ሆኖም የመንግሥትን ገቢና ወጪ በስሙ የሚጠየቅበት አንድ ሹም ተገኘ። ጊዜውም የዋዛ አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ ጤና እየታወከ፣ አልጋውን ማን ይወርሳል የሚለው ጥያቄ እየከበደ የመጣበት ወቅት ነበር። ሚኒስቴሩ ገና ከጅምሩ ሥራውን የተማረው ሥልጣን በሚያጠራጥርበት ዘመን ነው።

በቀውስ ጊዜ የአንድ ገንዘብ ሚኒስቴር ኃላፊነት በሦስት ነገሮች ይለካል። የመጀመሪያው የሠራተኛውንና የወታደሩን ደመወዝ በወቅቱ መክፈል ነው። ሁለተኛው ሕግ ከፈቀደው በላይ አለማውጣት ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የጎደለውን ገንዘብ በማተም አለመሙላት ነው። የኢትዮጵያ ሚኒስቴር በመጀመሪያው ፈተና ባብዛኛው አልፏል። በሁለተኛው አንዳንዴ ወድቋል። በሦስተኛው ግን ደጋግሞ ተሸንፏል።

ገንዘብ የሚያወጣ ባንክ የመጣው ከሚኒስቴሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል ተቋቁሞ የካቲት 8 ቀን 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመረቀ። ባንኩ የውጭ ባለ አክሲዮኖች ስለነበር መንግሥት እንደፈለገ ሊያዝዘው አይችልም። ይህ ለሀገሪቱ ሉዓላዊነት ጉድለት ቢሆንም ለግምጃ ቤቱ ልጓም ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባንኩን ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ ባደረጉት ጊዜ ያ ልጓም ወደ ራሱ ወደ መንግሥት እጅ ዞረ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 9 ቀን የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለበጀት የተለየ አንቀጽ ነበረው። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነው ሠርተዋል። አንቀጽ 55 የመንግሥት ገቢ ለየሚኒስቴሩ በተመደበው የዓመት በጀት መሠረት ብቻ እንዲወጣ ያዝዛል። በጀቱ በገንዘብ ሚኒስትሩ ሐሳብ ተነሥቶ በሁለቱ ምክር ቤቶች ይመከርበታል፤ መጨረሻውን የሚያጸድቁት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ምክር ቤቶቹ የሚሰበሰቡበት ሕንፃ አራት ኪሎ ላይ ቆመ። በአራዳው ገበያ፣ በአራት ኪሎው ምክር ቤትና በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት መካከል በእግር የሚኬድ መንገድ ብቻ ነበር፤ የሀገሪቱ የገንዘብ ታሪክም አብዛኛው በዚህ መንገድ ላይ ተሠርቷል። የጣልያን ወረራ ግን አዲሱ ሥርዓት ሥር ሳይሰድድ ቀጨው።

ከነጻነት በኋላ ሀገሪቱ የራሷ ገንዘብ አልነበራትም። በገበያው የሚዘዋወሩት የማርያ ትሬዛ ብርና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበሩ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት ለመጀመሪያው ዓመት 1 ሚሊዮን ተኩል፣ ለሁለተኛው ዓመት ደግሞ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ድጎማ ሰጠ። ድጎማው ከእንግሊዝ አማካሪዎችና ከብዙ ግዴታ ጋር የመጣ ስለነበር መንግሥቱ በተቻለ ፍጥነት በራሱ ገቢ መቆም ነበረበት። በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ። ሐምሌ 1936 ዓ.ም. በብሬተን ውድስ የዓለም ገንዘብ ድርጅት ሲመሠረት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን የኢትዮጵያን ልዑክ መርተዋል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ዋለ። ይህን ሁሉ በጥቂት ዓመታት መፈጸም ከባድ ሥራ ነበር። የዚያ ዘመን ሹማምንት፣ ከሁሉ በፊት ሚኒስቴሩን በሁለት የተለያዩ ጊዜያት የመሩት ይልማ ደሬሳ፣ ከተሰጣቸው በላይ ምስጋና ይገባቸዋል።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለቀውስ ጊዜ የሚሆን አንድ ጠቃሚ መላ ጨመረ። ምክር ቤቱ አዲሱን በጀት የበጀት ዓመቱ ከመግባቱ በፊት ካላጸደቀ ያለፈው ዓመት በጀት አዲሱ እስኪወጣ ይቀጥላል። ዋና ኦዲተርም በሕገ መንግሥት ደረጃ ታወቀ። በአንዳንድ ሀገሮች የምክር ቤት ጠብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በር ያዘጋል፤ በኢትዮጵያ ግን የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ሲገባ ደመወዝ የሚከፈልበት ሕጋዊ መሠረት ሳይኖር የሚቀርበት ዕድል ጠበበ።

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የመጣው ስድስት ኪሎ ላይ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ሥልጣን ያዙ። ሚኒስትሮችና መኳንንቱ ተይዘው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታገቱ። በአልጋ ወራሹ ድምፅ በሬዲዮ የተነበበው መግለጫ አልጋ ወራሹ እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ በደመወዝ እንደሚያገለግሉ የሚል ቃል ነበረበት። ቃሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር የዙፋኑንና የሕዝቡን ገንዘብ ድንበር ነካ፤ ጥያቄው ሃምሳ ዓመት የቆየ ነበር። መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን ከታገቱት መካከል ብዙዎቹ ተገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ በ1940ዎቹ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩትና በዚያ ጊዜ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር የሆኑት መኮንን ሀብተ ወልድ ናቸው። ግምጃ ቤቱን ለብዙ ዓመታት የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ጠፋ። ንጉሠ ነገሥቱም ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ የሆነው ለበጀት ታሪክ ከመፈንቅለ መንግሥቱ ያነሰ ትርጉም የለውም። ታማኝ ሆኖ የቆየው ጦር ወራት ሳይቆይ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ አገኘም። የመሣሪያ ባለቤት የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ከበጀት ውይይት ውጭ ደመወዙን ማስጨመር እንደሚችል ያን ጊዜ ታወቀ፤ ከ13 ዓመት በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ተነሥቷል። ይሁንና ሚኒስቴሩ ወጪው ሲጨምር ገቢ ፍለጋ ሄደ እንጂ ዝም ብሎ አልተበደረም። በዚያው ዓመት የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173/1953 ተደጋግሞ ቢሻሻልም በንጉሡ፣ በደርግና በሽግግሩ ዘመን ሁሉ ሲሠራበት ኖሮ የተተካው በአዋጅ ቁጥር 286/1994 ነው። 41 ዓመት መሆኑ ነው። በቀውስ ማግስት የተጻፈ ሕግ ሦስት መንግሥታትን መሻገሩ የአዘጋጆቹን ጥንቃቄ ይመሰክራል። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የገንዘብና የባንክ አዋጅ ቁጥር 206 የመንግሥት ባንክን ለሁለት ከፈለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገንዘብ የሚያወጣ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚያበድር ሆኑ።

ግብር ቀውስን ለማብረድ እንደሚያገለግል ሁሉ ቀውስን ሊወልድም ይችላል። ይህ የታየው ጎጃም ውስጥ ነው። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ዐሥራትን አስቀርቶ ገበሬው ከምርቱ በሚያገኘው ገቢ መጠን እንዲከፍል አዘዘ። ከወረቀቱ ሲታይ ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ ያለው ብዙ ይከፍላል። ጎጃም ግን የርስት አገር ነበር። ገበሬው ገማቹ መሬቱን ሊለካ የመጣ መሰለው፤ የተለካ መሬት ደግሞ ይወሰዳል ብሎ ፈራ። ከነጻነት በኋላ የወጣውን የመሬት ግብር ጎጃም ቀድሞም ተቃውሞት ነበር። በጠቅላይ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ላይ የቆየ ቅሬታም ተደመረበት። ገበሬው ገማቾቹን አባረረ፤ ሸፈተም። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢውን አንሥቶ፣ አዲሱን ግብር በተግባር ትቶ፣ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብር ሰርዞ ታረቀ። ለሚኒስቴሩ ኪሳራው የጎጃም ገቢ ብቻ አይደለም። አመፅ ግብርን እንደሚያስቀር በሀገሩ ሁሉ ተሰማ። ሕጉ ጥሩ ሆኖ ሳለ የወደቀው ገበሬው ከሚያምነው ሰው አፍ ስላልሰማው ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ግብር የሚያወጣ ሁሉ ይህን ማሰብ ነበረበት።

በ1966 ዓ.ም. ብዙ ችግሮች ተገናኙ። የዓለም የነዳጅ ዋጋ መናር የሀገር ውስጡን ዋጋ አናረው። የወሎ ረኀብ ተደብቆ ቆይቶ ወጣ። ጥር ላይ የነገሌ ቦረና ወታደሮች አዛዦቻቸውን ያዙ። የካቲት 11 ቀን መምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ የስድስት ኪሎ ተማሪዎችም አደባባይ ወጡ። መንግሥት የነዳጁን ጭማሪ ቀነሰ፤ ለወታደሩም ደመወዝ ጨመረ። ጭማሪው ግን የጠያቂውን ብዛት አበዛው። ለአንዱ ጦር የተፈቀደውን ሌላው ይጠይቃል፤ የሲቪል ሠራተኛውም ይከተላል። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው የካቲት ሥልጣኑን ለቀቀ። እዚህ ላይ የተሠራው ስሕተት የገንዘቡ መጠን አይደለም። ጭማሪው ከበጀት ውይይት ሳይሆን ከማስፈራሪያ በኋላ መምጣቱ፣ ያም በየሳምንቱ መደገሙ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ሥልጣን የያዘው ደርግ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችን ወረሰ። አብዮተኛ መንግሥታት ገንዘብ በማተም ይታማሉ፤ ደርግ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚጠበቀው በላይ ቆጣቢ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የተተከለው የአንድ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ምንዛሪ ሳይነካ ወደ ሃያ ዓመት ቆየ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከንጉሡ ዘመን የወረሳቸው የሚኒስቴሩና የብሔራዊ ባንኩ ባለሙያዎች የቆየ ልማድ ነው። ለጦርነቱ ልዩ መዋጮ ከደመወዝ ይቆረጥ ነበር፤ የግብሩ ጣሪያም ከፍ ብሎ ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው በመጨረሻው ላይ ነው። የግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጄኔራሎቹን ፈጀ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ስትያዝ የወደቡ የጉምሩክ ገቢ ቀረ። ጦሩ ግን መቀለብ ነበረበት። ጉድለቱ ከብሔራዊ ባንክ በሚወሰድ ብድር ተሞላ።

ደርግን የተካው አዲሱ መንግሥት መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ብርን በዶላር ከ2.07 ወደ 5 አወረደ። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 33 የማዕከላዊውንና የክልሎችን ገቢ ለየ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብና የባንክ አዋጅ ቁጥር 83 መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሊበደር የሚችለውን መጠን ከዓመታዊ ገቢው ጋር አያይዞ ገደበው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በጀትን ማዘጋጀትን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ማጽደቅን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጠ፤ አንቀጽ 101 ዋና ኦዲተርን ለምክር ቤቱ ተጠሪ አደረገ። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የኤርትራ ጦርነት የመከላከያ ወጪ ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከዐሥር በመቶ በላይ ወጣ። ጦርነቱ እንዳበቃ በመጋቢት 1993 ዓ.ም. ሕወሓት ተከፈለ። በሚያዝያ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞ ወደ ከተማው ተዛምቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው የቀውስ ጸደይ መንግሥት ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር አዲስ ፕሮግራም ፈርሞ ወታደር ይቀንስ ነበር። የመከላከያ ወጪው በፍጥነት ወረደ። ሀገሪቱ በኅዳር 1994 ዓ.ም. የዕዳ ቅነሳ ውሳኔ አገኘች፤ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ቅነሳው ተጠናቀቀ። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994ም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ሚኒስቴሩን ለሁለት ዐሥርተ ዓመታት ገደማ የመሩት ሱፍያን አሕመድ በመከፋፈሉ አለመነሣታቸው ለዚህ ረድቷል። በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ ፖለቲካው ሲናወጥ ግምጃ ቤቱ ወደ ተሻለ ሥርዓት የሄደበት ዋናው ጊዜ ይህ ነው።

የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ውጤት ሲያወዛግብ የመጣው ቀውስ የተለየ መልክ ነበረው። በግንቦት ማብቂያ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ተቃወሙ፤ በሰኔና በጥቅምት ማብቂያ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰዎች ተገደሉ። ለጋሾች በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤቱ የሚያስገቡትን 375 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የበጀት ድጋፍ አገዱ። ገንዘቡ ለመምህራን፣ ለጤና ሠራተኞችና ለግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ከሚውለው ድጎማ ጋር የተያያዘ ስለነበር የሚቀጣው መንግሥት ሳይሆን የገጠር ተማሪ እንዳይሆን አሰጋ። መፍትሔው በግንቦት 1998 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ሆነ። የዓለም ባንክ የመጀመሪያውን 215 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡ በፌዴራል ድጎማ በኩል ወደ ክልሎች፣ ከዚያም ወደ ወረዳዎች ይወርዳል። በምላሹ ሚኒስቴሩ ድጎማው በቀመሩ መሠረት ለሁሉም ክልል በእኩል ዓይን መድረሱን ማሳየት ነበረበት። ወረዳዎችም በጀታቸውን ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ገንዘቡ የገዢውን ፓርቲ አፈና ያግዛል ብሎ ኋላ ላይ ተችቶታል፤ ትችቱ ቀላል አልነበረም። የወረዳ በጀት በአደባባይ መለጠፉ ግን ከቀውሱ የተገኘ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ከ1997 በፊት አንድ ገበሬ የወረዳውን ወጪ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ጥቅሙ የታየውን ያህል ጉዳቱ አልታየም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ቁጥር 591 የቀድሞውን የብድር ጣሪያ አልያዘም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዋጋ ንረት ከ60 በመቶ አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ትልልቁ ወጪ ከበጀት ውጭ ሄደ። የስኳር ፋብሪካው፣ የባቡር መሥመሩና የኃይል ማመንጫው በመንግሥት ድርጅቶች ስም ከንግድ ባንክ ይበደሩ ጀመር። ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው ሰነድ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ዕዳው በጎን ያብጥ ነበር። ይህ ዕዳ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ግምጃ ቤቱ ተመልሶ መጣ። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ንግድ ባንክን ለማዳን ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ለማጽደቅ ተገደደ።

ከ2008 ዓ.ም. ተቃውሞዎች በኋላ ቀውሱ ያልተቋረጠ ሆነ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ወረደ፤ የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። ያም ሆኖ የቀጣዩ ዓመት በጀት በወቅቱ ጸደቀ፤ ሠራተኛውም ደመወዙን አገኘ። ከባዱ የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በመስከረም መጨረሻ ከትግራይ ክልል አመራር ጋር ያለውን ግንኙነት አቋርጦ የፌዴራል ድጎማው በቀጥታ ወደ ወረዳዎች እንዲወርድ ወሰነ። ቀመርን ከፖለቲካ ለመለየት የተደከመበት ድጎማ የፖለቲካው ጠብ ዐውድ ሆነ። ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ተጀመረ።

የ2014 ዓ.ም. በጀት 561.7 ቢሊዮን ብር ነበር። በጥር የተጨማሪ በጀት ጥያቄ መጣ፤ 122 ቢሊዮን ብር፣ አብዛኛው ለመከላከያ፣ የቀረው ለእርዳታና ለመልሶ ግንባታ። በሕጉ መሠረት መጥቶ በሕጉ መሠረት ጸድቋል። ግን ያልተሰበሰበ ገንዘብ በማጽደቅ ብቻ አይገኝም። ጉድለቱ ባብዛኛው በግምጃ ቤት ሰነድና ከብሔራዊ ባንክ በሚወሰድ ቀጥታ ብድር ተሸፈነ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ 37.2 በመቶ ደረሰ። ዘይትና ጤፍ የሚገዛው ደመወዝተኛ የጦርነቱን ወጪ ማንም ሳያውጅበት ከኪሱ ከፈለ። ምክር ቤት ሳይመክርበት የሚጣል ግብር ከሁሉ የከፋ ግብር ነው፤ ከሀብታሙ ይልቅ ደሀውን ይመታልና።

መመለሱ በዝግታ ሆነ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ሲሶ እንዳያልፍ ወሰነ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሀገሪቱ ለአንድ ቢሊዮን ዶላሩ ዩሮ ቦንድ የሚከፈለውን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅትም 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ቁጥር 1359 መንግሥት ከባንኩ በሚወስደው ብድር ላይ እንደገና ጣሪያ አበጀ። በ1986 ዓ.ም. የተጻፈውና በ2000 ዓ.ም. የተነሣው ገደብ ወደ ሕግ ተመልሷል። የአሁኑ ሕግ በሚቀጥለው የፖለቲካ ቀውስ ጊዜ መጽናቱን መጠበቅ የምክር ቤቱና የዋና ኦዲተሩ ሥራ ነው፤ ሁለቱም በየዓመቱ የብሔራዊ ባንኩን የብድር አኃዝ ለሕዝብ ሊያሳውቁ ይገባል።